የኋላው በር ምስል

አሰብ፣ ሰኔ 21 ቀን 1990 ዓ.ም.

ይድረስ ለአሰጋሽ
ደሴ

ውድ አሰጋሽ፣

«ውድ» ያልኩት ቅር ካሰኘሽ ሰርዘሽ አንብቢው። አንቺም ልጃችን ጸደይም በደኅና እያላችሁ ይህ ወረቀት እጃችሁ ይግባ። እኔ ደኅና ነኝ ልልሽ እችላለሁ፤ እበላለሁ፣ እተኛለሁ፣ በእግሬ እሄዳለሁ። ከዚያ በላይ አትጠይቂኝ።

በጦርነቱ ምክንያት ፖስታ ቤቱ ወደ እናንተ የሚሄድ ደብዳቤ መቀበል ካቆመ ከወር በላይ ሆኖታል። ይህን የምታመጣልሽ ጎረቤታችን ባዩሽ ናት። ልጆቿን ይዛ በመርከብ ወደ ጅቡቲ፣ ከዚያ በባቡር ወደ ድሬዳዋ ልትሄድ ነው። ሰፈራችን ካምፖ ሱዳን ግማሹ ቤት ተዘግቷል። ሰው አልጋውንና ቁም ሣጥኑን ደጅ አውጥቶ የሚገዛው ያጣል። ወደቡንማ ብታይው አታውቂውም። ድሮ እስከ መገንጠያው ተሰልፈው ጥሩምባቸውን ሲያንጫርሩብን የነበሩት ባለ ተሳቢ መኪናዎች አንድም የሉም። ዝምታው ጆሮ ያማል።

ጸደይ የፊት ጥርሶቿ ወጡላት? በመስከረም አንድ ሾፌር ወልቀዋል ብሎኝ ነበር። የእናትሽንም ማረፍ የነገረኝ እሱ ነው፤ ያውም ከቀብሩ ሁለት ወር በኋላ። ለቅሶ አልመጣሁም፣ ቃልም አልላክሁም። ለምን እንዳልላክሁ ልጽፍልሽ ነው የተቀመጥኩት።

ስለ ወንድምሽ ስለ በዛብህ ነው።

ከመጀመሪያው ልነሣ፤ ይህን ደብዳቤ ካንቺ ሌላ የሚሰማው ሰው ስላለ አንቺ የምታውቂውንም ጭምር እጽፋለሁ። በ1989 ኅዳር ላይ የምሠራበት የትራንዚት ድርጅት ለመጋዘኖቹ አራት ካሜራ ከዱባይ አስመጣ። ሥራ አስኪያጁ አቶ ውብሸት ቢሮው ተቀምጦ በቴሌቪዥን መጋዘኑን ማየት ፈለገ። ችግሩ ርቀቱ ነበር። ከመጋዘኑ እስከ ቢሮው አራት መቶ ሜትር ይሆናል፤ ከካሜራዎቹ ጋር የመጣው ካቦ የምንለው ወፍራም ሽቦ ደግሞ ምስሉን እስከዚያ አያደርስም። ቢያደርስም አመድ የነሰነሱበት ይመስላል። አዲስ ካቦ ቢዘረጋም የባሕሩ ጨው በዓመቱ ይበላዋል።

ከመሬት በታች ግን የድሮ የስልክ መስመር ነበረ። እኔ ዕድሜዬን የፈጀሁበት ነገር ነው። እርስ በርሳቸው የተጠማዘዙ ቀጫጭን ሽቦዎች፣ ጥንድ ጥንድ ሆነው በአንድ ጎማ ውስጥ የተጠቀለሉ። ምስል በእነሱ እንዲሄድ በሁለቱም ጫፍ «ባለን» የምትባል አውራ ጣት የምታህል ዕቃ ትገባለች። አንዷ የካሜራውን ምልክት ለሁለቱ ሽቦዎች ታካፍላለች፤ ሌላዋ ቢሮው ጋ መልሳ አንድ ታደርገዋለች። በመንገድ ላይ የክሬኑ ሞተር የሚጨምረው ረብሻ ሁለቱን ሽቦ እኩል ስለሚመታቸው መጨረሻው ላይ ተጣፍቶ ይቀራል። ባለኖቹን ያስመጣሁት እኔ ነኝ፤ አቶ ውብሸት ስማቸውን እንኳ ሰምቶ አያውቅም ነበር። አስታውሽ እንደሆን ያን ሰሞን እራት ላይ ስለ እነሱ ሳወራ አንቺ «እስቲ ጉረስ መጀመሪያ» ትይኝ ነበር።

ሥራው ያለቀ ቀን ቢሮው በእንግዳ ተሞልቶ ነበር። እኔ ከቴሌቪዥኑ ኋላ ተንበርክኬ፣ ፒንሳ በአፌ ነክሼ፣ የመጨረሻውን ጥንድ ሳስር አራቱም ምስል ባንድ ጊዜ ቦግ አለ። ሰዉ አጨበጨበ። አቶ ውብሸት ትከሻዬን መታ መታ አድርጎ፣ «ሰውነት፣ ወደቡን በሙሉ ትሠራዋለህ» አለኝ። ያን ጊዜ አራት ቁራጭ ፕላስተር ቆርጬ፣ የየካሜራውን ቦታ በእጄ ጽፌ፣ የቴሌቪዥኑ መስተዋት ላይ ለጠፍሁ። «ዋናው በር»፣ «የቢሮው መግቢያ»፣ «የውስጥ በር»፣ «የኋላ በር»።

ደንቡ እንደዚያ አልነበረም። ሰው ሄዶ በየካሜራው ፊት ይቆማል፤ ምስሉ ከጽሑፉ ጋር መስማማቱ ይታያል። ሃያ ደቂቃ የሚፈጅ ሥራ ነው። እኔ ግን እንግዶቹ ፊት መጠራጠር አስጠላኝ። የውስጡ በርና የኋላው በር አንድ ዓይነት ተንሸራታች ላሜራ ናቸው፤ በዚያ ጥቁርና ነጭ ምስል ማንም አይለያቸውም። የውስጡ በር አንደኛውን መጋዘን ከሁለተኛው የሚያገናኝ ነው። የኋላው ደግሞ መንገድ ላይ ይወጣል።

በጥር ወር ስድስት የመኪና ጎማ ጎደለ። በዛብህ የመጋዘኑ ኃላፊ ነበርና መጀመሪያ እሱ ተጠየቀ። የካሜራዎቹ ምስል የሚቀዳበት ካሴት ሲታይ በዛብህ ቀትር ላይ ጎማ እያንከባለለ በበሩ ሲያልፍ ታየ። ስድስት ጊዜ ተመላለሰ። ከምስሉ በላይ ደግሞ በእኔ እጅ ጽሑፍ «የኋላ በር» ይላል።

ቅዳሜ ዕለት ቢሮ ተሰበሰብን። አቶ ውብሸት፣ በዛብህ፣ እኔና የኋላው በር ዘበኛ ሁመድ፣ የራሔይታ መንደሩ ማለቴ ነው።

በዛብህ ምስሉን አይቶ ሳቀ። ስህተቱ ወዲያው የሚታረም መስሎት ነው የሳቀው። «ይሄ እኮ የውስጡ በር ነው» አለ። «አንደኛው መጋዘን ጣሪያው ይግላል። ጎማው እንዳይበላሽ ወደ ሁለተኛው አዛወርሁት።»

ሁመድም፣ «ቀትር ላይ በሩ ላይ እኔ ነበርሁ። በሩ አልተከፈተም። ወላሂ አልተከፈተም» አለ።

አቶ ውብሸት ሁመድን፣ «አንተ ተኝተህ ነበር፤ ወይም ተካፍለሃል» አለው። ከዚያ ወደ እኔ ዞረ። «ሰውነት፣ መስመሩን የዘረጋኸው አንተ ነህ። ይህ የትኛው በር ነው?»

በዛብህ አየኝ። ልጁን ክርስትና አነሣለሁ ብዬው የነበርኩት ሰው፣ የሚስቴ ወንድም፣ አየኝ። ፊቱ ላይ ፍርሃት አልነበረም። እኔ እዚያ ስላለሁ ተማምኖ ነበር።

«ፕላስተሩ ላይ የተጻፈው ነው» አልኩ።

በዚያችው ሰዓት ለፖሊስ ተሰጠ። ሁመድ ተባረረ። አንቺ ማታውን ምን እንዳልሽኝ ታስታውሻለሽ፤ «ወንድሜ አይሰርቅም። ካሜራህ ነው የሚዋሸው» አልሽ። እኔም፣ «ካሜራ ምን አግብቶት ይዋሻል?» ብዬ ጮኽሁብሽ። በሳምንቱ ልጅሽን ይዘሽ ወጣሽ። በዛብህ አምስት ወር ታስሮ ሲፈታ ተከትሎሽ መጣ።

አንቺ ከሄድሽ በኋላ አንድ ቀን መስመሩን ስፈትሽ ስህተቱን አገኘሁት። ሰማያዊው ጥንድና ብርቱካንማው ጥንድ ተለዋውጠው ታስረዋል። «የኋላ በር» የተባለው ምስል የውስጡ በር ነበር።

አሰጋሽ፣ ከዚህ በላይ ያለውን አንቀጽ ልሰርዘው ነበር፤ ግን እንዳለ ይቆይ። እንዴት ያለ ሰው መሆኔን ያሳያል። አሁንም፣ ይህን ደብዳቤ እየጻፍኩ እንኳ፣ ዋሽቼሻለሁ።

ያገኘሁት አንቺ ከሄድሽ በኋላ አይደለም። ያወቅሁት ሐሙስ ነው። ቅዳሜ ከመሰብሰባችን ሁለት ቀን በፊት።

አቶ ውብሸት ካሴቱን እንድገለብጥለት ሰጥቶኝ ብቻዬን አየሁት። በዛብህ በሩን ሲከፍተው ብርሃን አልገባም። የአሰብ ቀትር ነው! የውጭ በር ቢከፈት ኖሮ ምስሉ በሙሉ እንደ ኖራ በነጣ ነበር። ከበሩ ማዶ ያለው ግን ጨለማ ነው። ካቻቪቴዬን ይዤ ሽቦዎቹ ወደሚታሰሩበት ሳጥን ሄድሁ፣ ከፈትሁት፣ አየሁት። የእጄ ሥራ ነው፤ ሊካድ አይችልም።

ሐሙስ ማታ ለአቶ ውብሸት እነግረዋለሁ አልኩ። ዓርብም ጠዋት እነግረዋለሁ አልኩ። ዓርብ ከሰዓት አቶ ውብሸት ጠርቶኝ የሌሎቹን መጋዘኖች ንድፍ ዘረጋልኝ። አሥራ ሁለት ካሜራ፤ ኃላፊው እኔ። ንድፉን ተቀብዬ ወጣሁ። በዛብህ ራሱ ያስረዳል፣ ዘበኛውም ይመሰክራል፣ እኔን ሳይነካኝ ነገሩ ይበርዳል ብዬ ራሴን አታለልሁ። ቅዳሜ የሆነውን ጽፌልሻለሁ።

የባሰው ከዚያ ወዲያ ያለው ነው። እሑድ፣ ሰው ሁሉ ቤተ ክርስቲያን ሳለ፣ መጋዘን ገብቼ ሽቦዎቹን ወደየቦታቸው መለስኳቸው። ከዚያ ወዲያ ማንም ሄዶ ቢፈትሽ ጽሑፉና ምስሉ ልክ ነው። በዛብህ ከእስር ቤት ሆኖ «መስመሩ ይፈተሽልኝ» ብሎ አመልክቶ ነበር። ተፈተሸ። ልክ ሆኖ ተገኘ። ፈትሽ ተብዬ የተላክሁትም እኔ ነበርሁ።

ስድስቱ ጎማ የት እንደደረሰ እስከ ዛሬ አላውቅም። ከመርከቡም መውረዳቸውን እጠራጠራለሁ። የማውቀው በዛብህ እንዳልወሰዳቸው ነው።

ያ ሾፌር ስለ እናትሽ ሲነግረኝ፣ እማማ ወለተጊዮርጊስ «ከሌባ እጅ አልቀበልም» ብለው ከበዛብህ እጅ ውኃ እንኳ ሳይጠጡ ማረፋቸውን ነገረኝ። መኪናውን ተደግፌ ቆምሁ። ሾፌሩ ሙቀቱ የመታኝ መስሎት ጥላ ውስጥ አስቀመጠኝ። ለቅሶ ያልመጣሁት ለዚህ ነው። በየትኛው እግሬ?

ባለፈው ሳምንት ወደ አቶ ውብሸት ሄድሁ። መዝገቦቹን በካርቶን እያሳሰረ ነበር፤ ድርጅቱ ተዘግቷል። ሁሉንም ነገርኩት። ቁጭ በል እንኳ አላለኝም።

«አሁን ለማን ብዬ ልጻፈው?» አለኝ። «ድርጅት የለ፣ መጋዘን የለ፣ ከሳሽ የለ።»

«ማኅተሙ አለ» አልኩት።

ብዙ ከተጨቃጨቅን በኋላ በዛብህ ንጹሕ መሆኑን የሚገልጽ ግማሽ ገጽ ጽፎ ማኅተም አደረገበት። ከዚህ ጋር ተያይዟል። ቀለሙ ደብዝዟል፤ የማኅተሙ መርገጫ ደርቆ ነበር።

ከዚያ ራሔይታ ድረስ ሄጄ ሁመድን አገኘሁት። መረብ እየጠገነ ነበር። ስነግረው እጁን ከሥራው አላነሣም። ስጨርስ፣ «እኔ ይህን ያን ቀን ተናግሬያለሁ» አለ። «አንተ አዲስ ነገር አላመጣህም።» ይቅር በለኝ አልኩት። «በሩ አልተከፈተም» አለ ደግሞ፣ ልክ ያን ቅዳሜ እንዳለው፣ ያው በዚያው ድምፅ።

ከባዩሽ ቀጥሎ በሚነሣው መርከብ እኔም እወጣለሁ። ደሴ ግን አልመጣም። በዛብህ ራሱ ና ካለኝ እመጣለሁ፤ ባይለኝ አልፈርድበትም። አንቺንም ተመለሽልኝ ለማለት አፍ የለኝም።

አንድ ነገር ብቻ እለምንሻለሁ፤ ይህን ራስሽ አድርጊው። ሐምሌ ላይ የእናትሽ ሙት ዓመት ነው። ዘመድ፣ ጎረቤት፣ ዕድርተኛው፣ በዛብህን ሌባ ሲሉ የሰሙና ያሉ ሁሉ ይመጣሉ። ሰዉ በልቶ ሳይበተን፣ በዛብህን አጠገብሽ አስቀምጠሽ፣ ይህን ደብዳቤ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ድምፅሽን ከፍ አድርገሽ አንብቢላቸው። ሐሙስ የሚለውን አትዝለይ። እሑድ የሚለውንም። ጸደይ ከዚያ ብትሆን አታስወጫት፤ ከሌላ ሰው ከምትሰማው ካንቺ ትስማው።

እግዚአብሔር የእናትሽን ነፍስ በአብርሃም አጠገብ ያኑርልሽ። የልጃችንን ዕድሜ ያርዝም። ለበዛብህ እኔ የነሣሁትን እሱ ይመልስለት። ለእኔ ምንም አትለምኑልኝ።

ስሜ እንዳይሳሳት ከነአባቴ ጽፌዋለሁ፤ እንዳለ አንብቢው።

ሰውነት ይመር
የስልክና የካሜራ መስመር ሠራተኛ፣ አሰብ