ሲጋራውንማ ትተህ ነበር

ውድ ወንድሜ ሩፋኤል፣

ስልክ አታነሳም። ቴክስቱንም ታየዋለህ እንጂ አትመልስም። ስለዚህ እንደ ድሮ ሰው በወረቀት ልጽፍልህ ተነሳሁ። ዲያሊሲስ ላይ ሆኜ ነው የምጽፈው። ግራ ክንዴ ከማሽኑ ጋር ስለታሰረ ወረቀቱን የሚይዝልኝ እጅ የለም፤ ፊደሌ ቢንጋደድ ታገሰኝ።

ከቤት የወጣህ ዕለት ምን እንደሰማህ አውቃለሁ። ያልሰማኸውን ልነግርህ ነው።

ኩላሊቶቼ ከእንግዲህ እንደማይሠሩ ሐኪሙ የነገረን ቀን፣ መኪና ውስጥ ገብተን ሞተሩን ሳታስነሳ «የኔን ይውሰዱ» አልከኝ። ጃኬትህን የምታውሰኝ ነበር የሚመስለው። ገና ልጅ ነህ፣ ዲቪ ደርሶህ ከመጣህ እንኳ ብዙ አልቆየህም፣ ትዳር አልያዝክ፣ ብዬ ተከራከርኩህ። «ሁለት አይደል ያለኝ?» አልክና መኪናውን አስነሳህ። ኩላሊትህ ለኔ እንደሚገጥም ምርመራው ሲያሳይ እኔ ሳለቅስ አንተ ርቦኛል አልክ።

ከዚያ የሆስፒታሉ የንቅለ ተከላ ኮኦርዲኔተር ሲጋራ ማቆም እንዳለብህ ነገረችህ። እውነቱን ልንገርህ፣ ትተዋለህ ብዬ አላሰብኩም። አዲስ አበባ ታክሲ ላይ ረዳት ሆነህ ስትሠራ የጀመርከው ነው። እዚህም በዚያ ሁሉ በረዶ ኮፍያህን ደፍተህ ከጋራዡ ጀርባ ስትቆም በመስኮት አይህ ነበር። አንተ ግን ተውክ። የመኪናህን ወንበር ሁሉ አሳጠብክ። ጃኬትህ ሌላ ነገር መሽተት ጀመረ። «አንክል ሩፊ ማንጎ ማንጎ ይሸታል» ያለችኝ ልጄ ሔዋን ናት።

አንተም አልደበቅከኝም። ያቺን ሊፕስቲክ የምታክል፣ በባትሪ እንፋሎት የምታወጣ ቬፕ ከኪስህ አውጥተህ፣ «ፅጌ፣ ሲጋራ ኩዊት አድርጌያለሁ። ይቺ መሸጋገሪያዬ ናት። ቀስ በቀስ እሷንም እተዋለሁ» አልከኝ። ደስ አለኝ። ሳልህ ቀነሰ። ከምትተኛበት ቤዝመንት ደረጃውን ሳታለከልክ መውጣት ቻልክ።

ቆይቶ ግን አንድ ነገር ማስተዋል ጀመርኩ። ሲጋራ ስታጨስ ወደ ውጭ ትወጣ ነበር፤ አጭሰህ ጨርሰህ ትመለሳለህ። ይቺኛዋ መውጫም መጨረሻም የላትም። ሶፋ ላይ፣ መኪና ውስጥ፣ ትራስህ ሥር፣ በየሄድክበት አብራህ ነበረች። ዌርሃውስ ሥራህ ላይም ፎርክሊፍት ስትነዳ እጅጌህ ውስጥ ይዘሃት ትውል እንደነበር ራስህ ነህ የነገርከኝ። እንዳላስጨንቅህ ዝም አልኩ።

ሐኪሞቹ በምርመራ የሚፈልጉት ጭሱን ሳይሆን ቬፑም ውስጥ ያለውን ኒኮቲን መሆኑን አንተም እኔም አላወቅንም። ቀኑ ተቆርጦ፣ ሻንጣዬን አዘጋጅቼ ሳለ ኮኦርዲኔተሯ ኮል አድርጋ ቀዶ ሕክምናው ተራዝሟል አለችኝ። ምክንያቱን ብጠይቃት የለጋሽን ነገር መናገር ሕጉ አይፈቅድልኝም አለች። የነገርከኝ አንተ ነህ። ኪችን ውስጥ ቆመህ፣ ፊትህ አመድ መስሎ፣ «ደሜ ውስጥ ኒኮቲን አገኙ። በእመቤቴ፣ ፅጌ፣ አንዲት ሲጋራ አልነካሁም» አልከኝ።

ያን ጊዜም አምኜህ ነበር፣ አሁንም አምንሃለሁ።

እሑድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ ጎረቤታችን እትዬ ዓለምወርቅ ሌሎች ሴቶች አስከትላ ልትጠይቀኝ መጣች። ወሬው ደርሷቸዋል። «ልጁ ፈርቶ ነው ይላሉ» አለች እትዬ ዓለምወርቅ፤ «አለዚያ ለእህቱ ሲጋራ መተው እንዲህ ይከብዳል?» እኔም ላስረዳ ብዬ፣ «ሲጋራውንማ ትቷል። ቬፑን ነው አልተው ያለው» አልኩ። አንተ ለካ ከቤዝመንት ደረጃውን እየወጣህ ነበር። የጓሮ በር ሲዘጋ ሰማሁ። «አልተው ያለው» የሚለውን ይዘህ ሄድክ፤ ለእንግዳ ያማሁህ መስሎህ።

አንተ ከወጣህ በኋላ ምን እንዳልኩ ስማ። «ከእናንተ መካከል ሆዷን አስከፍታ ኩላሊቷን የምትሰጠኝ ማን ናት? እሱ ሳልለምነው ነው እሰጣለሁ ያለው» አልኳቸው። እትዬ ዓለምወርቅ ነጠላዋን አፏ ላይ አድርጋ ወጣች። በማግስቱ በር አንኳኩታ፣ «አፌን በቆረጠው» አለችኝ። አሁን እዚህ የምታመላልሰኝ እሷ ናት። ያንተ ወሬ አለ ወይ ሳትለኝ መኪናዋን አታስነሳም።

ፍራንክሊንተን ሰፈር የሥራ ጓደኛህ ዘንድ መሆንህን ስሰማ ልመጣ ነበር፤ ፈራሁ። በምትኩ ሞርስ ሮድ ላይ ያንን ቬፕ የምትገዛበት ሱቅ ሄድኩ። እንደዚያ ዓይነት ቤት ገብቼ አላውቅም። ከረሜላ ቤት ነው የሚመስለው። ባለሱቁን አንዋርን ስምህን ጠርቼ ጠየቅኩት። መጀመሪያ ሊነግረኝ አልፈለገም። እህቱ ነኝ፣ ኩላሊት የሚሰጠኝ እሱ ነው ስለው ከባንኮኒው ጀርባ ወጥቶ ወንበር ሰጠኝ።

«እህቴ፣ ከኃይለኛው ኒኮቲን ጀምሮ ደረጃ በደረጃ እየቀነሰ ነበር» አለኝ። «የመጨረሻዋ ላይ ሲደርስ አቃተው። ብዙ ሰው እዚያ ጋ ነው የሚቀረው። ከምርመራው በኋላ ቬፑን አምጥቶ፣ ያዝልኝ፣ ብለምንህም እንዳትሰጠኝ አለኝ። መልሶ መጣ፤ ለመነኝ፤ ሰጠሁት። እንደገና አምጥቶ አስቀመጠ። በቀደም ደግሞ መጥቶ ሳይጠይቀኝ ቆሞ ቆሞ ሄደ።»

መሳቢያውን ከፍቶ አሳየኝ። እዚያው አለች።

አልዋሽህም ሩፊ፣ ተናድጄብህም ነበር። ደሜ በዚህ ቱቦ ወጥቶ በዚያኛው ሲመለስ እያየሁ፣ «ለአንዲት ማንጎ!» ብያለሁ። ግን ደግሞ እኔ ውኃ ተከልክያለሁ። ከተፈቀደልኝ በላይ ብጠጣ ሳንባዬ ውስጥ እንደሚገባ፣ ሊገድለኝም እንደሚችል አሳምሬ አውቃለሁ። እያወቅኩ ፍሪጁን ከፍቼ በረዶ አፌ ውስጥ እከታለሁ። ሔዋን ስትመጣ ጉንጬን ደብቄ ፊቴን አዞራለሁ። እንኳን ለሌላ ሰው ነፍስ፣ ለገዛ ነፍሴም ስል ሁልጊዜ ራሴን መግታት አልችልም። ስለዚህ እኔን መውደድ አለመውደድህን ከዚህች ነገር ጋር የሚያያይዝ ሰው ካገኘህ አትስማው። እኔም ብሆን።

ኮኦርዲኔተሯን ደግሜ ጠይቄአታለሁ። ስላንተ አልነገረችኝም፤ ግን ማንም ለጋሽ ከኒኮቲን ነጻ ሆኖ ቆይቶ እንደገና መመርመር እንደሚችል ነገረችኝ። ኒኮቲን የሌለው፣ ለማቆም የሚረዳ ኪኒንም አለ። ልትደውልላት ከፈለግህ ደውል። ካልፈለግህም አትደውል። እኔ ኩላሊት ከሚጠብቁት ተራ ውስጥ ተመዝግቤያለሁ፤ ማሽኑም እየሠራልኝ ነው።

ባለፈው ሐሙስ መኪናህን እዚህ ፓርኪንግ ውስጥ አየኋት። ወንበሬ መስኮቱ አጠገብ ነው፤ አንተ አላወቅህም። መሪውን በሁለት እጅህ ይዘህ ተቀምጠህ ነበር። ነርሷን ጠርቼ «ያ ወንድሜ ነው» አልኳት። «እንዲገባ ልንገረው?» ስትለኝ እምቢ አልኩ። በራስህ እግር እንድትመጣ ፈለግሁ። እስክትሄድ ድረስ ዓይኔን ከመኪናህ አላነሳሁም።

ማክሰኞ ጠዋት እዚሁ ነኝ። በሩ ላይ ስሜን ጥራ፣ ያስገቡሃል። አጠገቤ ለጠያቂ የሚሆን ወንበር አለ። ኪስህን አላይም፣ ጃኬትህን አላሸትም፣ ስለ ምርመራ አንድ ቃል አልጠይቅህም። ተቀምጠህ ስለ ሥራህ ታወራልኛለህ፤ እንቅልፍ ከወሰደኝም ዝም ብለህ ትቀመጣለህ።

ኩላሊቱ ቢቀር ይቅር። አንተ ግን አትቅርብኝ።

እህትህ ፅጌረዳ