ፎቶው ያላየው የአባባ ቀኝ ዓይን

ለውድ ወንድሜ ለኪዳኑ፤

ሰላምታዬ ከሰቆጣ ቁልቁለት ወርዶ የጂቡቲን ወላፈን ተሻግሮ ይድረስህ። ወገብህ እንዴት ሆነ? ወደቡ ላይ ሸክሙ ቀለለልህ ወይስ እንደዚያው ነው? እንቅልፍስ ትተኛለህ? እኛ አለን። አዝመራው ዘንድሮ አልከፋም። ደህና ነን ብዬ ግን አልጽፍልህም።

በስልክ ያልነገርኩህ ቤታችን ያው አንድ ክፍል ስለሆነ ነው። የአባባ ዓይን ሲደክም ጆሯቸው በረታ። ጓሮ ቆሜ ባንሾካሽክ እንኳ ይሰሙኛል። ስለዚህ ጽፌ፣ ወረቀቱን በስልክ ፎቶ አንስቼ እልክልሃለሁ።

ባለፈው ሳምንት የዓይን ሐኪሞች እዚህ መጥተው ነበር። ሐሙስ ዕለት አባባን ወሰድኳቸው። እሳቸው ከፊት፣ እኔ ከኋላ፤ «ድንጋይ»፣ «ቦይ» እያልኩ። ስመራቸው ሰው እንዲያይ አይፈልጉም።

ሲስተር አምሳለ የምትባል ባለሙያ የግራ ዓይናቸውን ሸፍና ፊደል ያለበት ካርድ ሰጠቻቸው። «የኔ ልጅ፣ እኔ የማነበው ዳዊቴን ነው» አሉና ከማኅደሩ አወጡ። ገለጠችላቸው። «የትኛውን ገለጥሽልኝ?» አሏት። «ሃያ ስድስተኛውን፣ አባ።» ከዚያማ ምን ልንገርህ። አንድ ቃል ሳይስቱ አወረዱት። ገጹ የሚያልቅበት ላይ ሲደርሱ ቅጠሉን በአውራ ጣታቸው ገለበጡት። «እንዲህ ያለ ዓይን እኔም አልታደልኩ» ብላ ሳቀች። በቃላቸው ነው ልላት አፌን ስከፍት አባባ ክንዴን ጨበጡኝ።

ቀጥሎ ብሌን የሚያሰፋ ጠብታ ጨምራ፣ አገጫቸውን መሣሪያው ላይ አስደግፋ ፎቶ አነሳቻቸው። የግራውን አሳየችኝ። ጤነኛ ዓይን መብራት ሲገባበት ከውስጥ ቀይ አድርጎ ይመልሰዋል አለችኝ። የአባባ አልመለሰም። መሐሉ ጥቁር ጥላ፣ ዳር ዳሩን ብቻ ቀጭን ቀይ። የዓይን ሞራ ነው፣ በስሏል፤ ከቆየ ዓይኑን ከውስጥ አሳብጦ ጨርሶ ሊያጠፋው ይችላል አለች።

ቀኙ እምቢ አለ። «አባ፣ አረንጓዴዋን መብራት ይዩ» ትላቸዋለች፤ እሳቸው የሚዞሩት ወደ ድምፅዋ ነው። ፎቶው ሁሉ ደበዘዘ። ንባባቸውን ሰምታለችና ግድ የለም ብላ አለፈችው። ቀኙ ያያል ተባለ። ቀዶ ሕክምናው መጀመሪያ ሁለቱም ለጠፋባቸው ነው። አባባ ለሌላ ጊዜ ተባሉ። ሌላው ጊዜ መቼ እንደሆነ የሚያውቅ የለም።

መንገድ ላይ ለመንኳቸው። «ዓይኑ የጠፋ ቄስ መቅደስ ገብቶ ምን ያደርጋል? ጽዋውንስ ማን ያስይዘዋል?» አሉኝ። እሳቸው የሚፈሩት መታወቁን ነው። እኔ የፊታችንን እሑድ። ቅዳሴው የእሳቸው ተራ ነው። ጽዋው በእጃቸው እያለ እግራቸው ምንጣፉን ቢስት። ይህን አስባለሁ። ወጥ ሳማስል፣ ልጅ ሳጥብ፣ ይህንኑ።

ሐኪሞቹ አሁን አምደወርቅ ናቸው፤ ቅዳሜ ይሄዳሉ። አባባ ያንተን ቃል አይጥሉም። ደውልላቸው። ሕልም አየሁ በል፣ የፈለግኸውን በል፤ ብቻ ዓርብ መኪና ላይ እንዲወጡ አድርግልኝ። ቀኙ ድጋሚ ፎቶ ይነሣ። እስከ ሐሙስ ካልደወልክ ለሲስተር አምሳለ እኔው እነግራታለሁ። ከዚያ በኋላ ከእጄ ውሃ ላይቀበሉ ይችላሉ። ይሁን። ይሁን እላለሁ፤ ደግሞ እፈራለሁ።

ባለቤቴ እጅ ነሥቷል። ልጄ ትንሣኤ ጥርሷ ወልቆ አጎቴ እንዳያይብኝ ትላለች። ጎረቤታችን እማማ አመተ ማርያም በጸሎት አልረሳውም ብለዋል። አባባ እንደምጽፍልህ ስለማያውቁ ሰላምታ አላስያዙኝም፤ ስትደውል ከራሳቸው ትቀበላለህ።

እህትህ ጥሩሐረግ
ሰቆጣ፣ ማክሰኞ ኅዳር 9 ቀን 2018 ዓ.ም.