ፎቶ የማትነሳው ልጅ

ግንቦት 3፣ ሰኞ

ዝናብ። የቢሮዬ ጣሪያ ዛሬም ያፈሳል። ባልዲዋ ከፋይል ሳጥኑ አጠገብ ቦታዋን ይዛለች፤ ከኔ ይልቅ እሷ ቋሚ ሠራተኛ ትመስላለች።

ዳይሬክተሯ ጠሩኝ። መንገድ ማዶ አዲስ የተከፈተው ትምህርት ቤት ቢልቦርድ ሰቅሏል፤ ልክ በሳቸው መስኮት ትይዩ። ቀኑን ሙሉ እያዩት ሲበግኑ ይውላሉ።

"የነሱ ልጆች ሲስቁ ጥርሳቸው እንዴት እንደሚያበራ አየሽ? የኛዎቹ ጥርስ የላቸውም?"

"የአንደኛ ክፍሎቹ የላቸውም" አልኩ። አልሳቁም።

ለምዝገባው ማስታወቂያ ፎቶ አንሺ እንድመርጥ ታዘዝኩ። ተማሪ እየቀነሰ ነው። ዘንድሮ አንድ ክፍል ተዘጋ፤ በሚቀጥለው ዓመት የኔ የጸሐፊዋ ወንበር ይሆናል የሚዘጋው... ለምን እኔ? "አንቺ ዓይን አለሽ" አሉኝ። ሥራ የላትም ማለታቸው ነው።

ማታ ለእህቴ ነገርኳት። ሽንኩርት እየከተፈች ነበር። ቢላዋው ቆመ።

"እቴቴ፣ ሚጡን ግን..."

"አውቃለሁ።"

"ከጀርባዋም ቢሆን..."

"አውቃለሁ አልኩሽ እኮ!"

ጮህኩባት። ምን አድርጋኝ ነው የምጮህባት? ከባሏ እጅ ልጇን ሚጡን ይዛ አምልጣ እኔ ጋ ከገባች ዓመት አልሞላትም። ሚጡን እኛው ትምህርት ቤት አስገባኋት። እስካሁን መጋረጃ አትከፍትም። ሰውየው እኔ ወደዚህ ከተማ መዛወሬን አልሰማም። ኑሯችን በሙሉ እሱ አለመስማቱ ላይ ነው የቆመው።

ግንቦት 5፣ ረቡዕ

ሁለት ፎቶ አንሺዎች መጡ።

የመጀመሪያው ወጣት ነው። ነጭ ጫማ፤ ሽቶው ከሱ ቀድሞ ገባ። በአየር ላይ የሚበር ካሜራ አለው። "ማዘር፣ ትምህርት ቤታችሁን ከሰማይ ነው የማሳይዎት!" ዳይሬክተሯን ማዘር! እኔ ብላቸው በነጋታው ደብዳቤ ይደርሰኝ ነበር። እሳቸው ግን ቅልጥ አሉ። ድሮኑ ብዬዋለሁ።

ሁለተኛዋ ገበያው ጥግ ያለው የፓስፖርት ፎቶ ስቱዲዮ ባለቤት ናቸው። ትልቅ ሴትዮ። ካሜራቸውን በፎጣ ጠቅልለው በዘንቢል ይዘው መጡ። ሻያቸውን ሳይነኩ፣ "መነሳት የሌለበት ልጅ አለ?" አሉ።

ክው አልኩ።

ዳይሬክተሯ አስረዷቸው። እኛ ጋ ደንብ አለ። ወላጅ አልፈልግም ካለ፣ ፎቶ በሚነሳበት ቀን ልጁ ላይብረሪ ይገባል። ለምን ተብሎ አይጠየቅም። ሃይማኖትም ይሁን ጸብ፣ የወላጁ ጉዳይ ነው።

"በሩን ማን ይይዛል?" አሉ ሴትዮዋ።

"ላይብረሪያኗ አለች!"

"እሷ ልጆቹን ትይዝ። በሩን ነው ያልኩት።"

ሲወጡ ዳይሬክተሯ ተንጨረጨሩ። "ፎቶ ልታነሳ ነው የመጣችው ልትመረምረን?" እውነቱን ልጻፍ... ሴትዮዋን ፈራኋቸው። ያንን ጥያቄ ሲጠይቁ እኔን ነበር የሚያዩት።

ግንቦት 7፣ ዓርብ

ዛሬ የድሮኑ ሙከራ ነበር። ሚጡን በራሴ እጅ ላይብረሪ አስገባሁ። እንደሷ ያሉ ጥቂት ልጆች አሉ፤ የሥዕል መጽሐፍ ተሰጥቷቸው ተቀመጡ።

"አክስቴ፣ እኔ አስቀያሚ ነኝ?" አለችኝ።

"ማን አለሽ?"

"ቆንጆዎቹ ውጭ ናቸው።"

አንጀቴን በላችው። ሳምኳትና ወጣሁ። ሌላ ምን ልበል?

ከዚያ ያ ጉድ ሰማይ ላይ ወጣ። እንደ ንብ መንጋ እየጮኸ ጣሪያውን ዞረ። የትኛው ልጅ ነው ይህን ሰምቶ የሚቀመጠው? ላይብረሪያኗ ራሷ አንጋጣ ስታይ ልጆቹ በጎኗ ሾልከው ሜዳው ላይ ፈሰሱ። ስሮጥ ጫማዬ ወለቀ። ሚጡ መሃል ሜዳ ላይ ቆማለች፤ እጆቿን ዘርግታ፣ ወደ ላይ አንጋጣ፣ ከት ከት እያለች። እንዲህ ስትስቅ አይቻት አላውቅም።

ጎትቼ አስገባኋት። "እሷን አነሳህ?" አልኩት። "ብዙ ልጅ ነው እኮ፣ ቆንጆ፤ ማን ይለያል" አለኝ።

ለእህቴ አልነገርኳትም። ላይኖር ይችላል... ምናልባት ደብዝዞ ይሆናል...

ግንቦት 10፣ ሰኞ

አልደበዘዘም።

ዳይሬክተሯ ኮምፒውተሩን ወደኔ አዞሩ። "ይቺ! በቃ ይቺ ናት! ቢልቦርዱ ላይ ይቺን እንሰቅልና ማዶ ያሉት ይቃጠሉ!" የሚጡ ፊት ስክሪኑን ሞልቶታል። በሕይወቴ ያየሁት ቆንጆ ፎቶ ነው። "ላይብረሪ ከሚገቡት ናት" ብቻ አልኩ።

"ወላጇን አነጋግሪያ። ይህን አይታ እንቢ የምትል እናት አለች?"

አክስቷ መሆኔን ያውቃሉ። እናቷ ከማን እንደምትሸሽ አያውቁም። እህቴ አስምላኛለች።

ወደ ቢሮዬ ስመለስ የሦስተኛ ክፍሏ አስተማሪ ስልኳን ይዛ መጣች። "የእህትሽ ልጅ ታዋቂ ሆነች!"

ድሮኑ ኢንተርኔት ገጹ ላይ ለጥፎታል። ዓርብ ማታውኑ።

ግንቦት 11፣ ማክሰኞ

ከገጹ እንዲያነሳው ደውዬ ለመንኩት። "ነጻ ማስታወቂያ እኮ ነው የሠራሁላችሁ፣ ሰው እንዴት እንደወደደው ባየሽ!" ደሜ ፈላ። ምን እንዳልኩት እዚህ አልጽፍም። አነሳው። ግን ስንቱ ዘንድ ደርሷል? ስንቱ ተቀባብሎታል?

ለእህቴ ነገርኳት። ትጮሃለች ብዬ ነበር። አልጮኸችም። ተነስታ የራሷንና የሚጡን ልብስ አንድ ሻንጣ ውስጥ አጣጥፋ በሩ ሥር አቆመችው። ከዚያ ተመልሳ ሻይ ቀዳችልኝ።

ብትጮህ ይሻለኝ ነበር።

ግንቦት 13፣ ሐሙስ

የቢሮው ስልክ ጮኸ። የወንድ ድምፅ፤ ትሁት፣ ለስለስ ያለ።

"ይቅርታ እህቴ፣ የወንድሜ ልጅ እናንተ ጋ ትማር እንደሆነ ለመጠየቅ ነበር። አንድ ፎቶ ላይ ዩኒፎርሙን አይቼ..."

ድምፁን አውቀዋለሁ። ከእህቴ ጋር በተጋቡ ዕለት ያመሰገነን በዚህ ድምፅ ነው። የወንድሜ ልጅ ይላል የገዛ ልጁን! የኔን ድምፅ ያውቀው ይሆን? አፍንጫዬን ይዤ ጉንፋን እንደያዘው ሰው፣ "በስልክ መረጃ አንሰጥም" አልኩ።

"ምንም አይደል። እመጣለሁ።"

ዘጋው። ወንበሩን አጥቼ ፋይል ሳጥኑ ላይ ተቀመጥኩ።

ሚጡ ከነገ ጀምሮ ቤት ትቀራለች።

ግንቦት 14፣ ዓርብ

ለዳይሬክተሯ ሁሉንም ተናገርኩ። መሐላዬን አፈረስኩ። እህቴ ትቀየመኝ፤ ትኑርልኝ ብቻ።

ለመጀመሪያ ጊዜ መስኮቱን ጀርባ ሰጥተው አዳመጡኝ።

"ቢልቦርድ ላይ ልሰቅላት ነበር" አሉ። ደገሙት። "በዚህ አደባባይ ላይ..."

"አላወቁም።"

"ላይብረሪ መግባቷን አውቅ ነበር። እሱ አይበቃኝም?" ፊታቸውን በሁለት እጃቸው አሹ። ከዚያ ጥበቃውን አስጠሩ፤ የማያውቀው ሰው ከግቢው በር እንዳያልፍ። ፎቶውንም እፊቴ አጠፉት። ሳሱለት፤ እጃቸው ከመጫኑ በፊት ሲዘገይ አይቻለሁ።

"ፎቶ አንሺ ምረጪ ብዬሽ ነበር። መረጥሽ?"

"ሴትዮዋን።"

"ጥሪልኝ።"

ግንቦት 19፣ ረቡዕ

መሽቷል፣ ደክሞኛል። ግን ዛሬውኑ ካልጻፍኩት አላምነውም።

ሴትዮዋ ጠዋት መጡ። መጀመሪያ ላይብረሪው ደጃፍ ላይ የራሳቸውን ወንበር አስቀምጠው አንዱን አስተማሪ አስቀመጡበት። ከዚያ እያንዳንዱን ልጅ "ላንሳህ? ላንሺሽ?" እያሉ ጠየቁ። ይህን ሁሉ ልጅ! ዳይሬክተሯ ሰዓታቸውን እያዩ ይጠብቃሉ። አንዱ ልጅ እንቢ አለ። "እሺ የኔ ጌታ" ብለው አለፉት።

መውጫ ሰዓት ላይ የግቢውን በር ፎቶ ለማንሳት ወጣን። መንገድ ማዶ፣ ቢልቦርዱ ሥር፣ ሰውየው ቆሟል። ሲያዩት የአንዱ ተማሪ አባት ይመስላል። የሚወጡትን ሴት ልጆች ፊት አንድ በአንድ ያያል።

የበሩን ብረት ጨብጬ ቆምኩ። ሴትዮዋ አዩኝ፤ ዓይኔን ተከትለው እሱን አዩ።

"ልጅ ላይብረሪ የምታስገቡት በሱ ምክንያት ነው?"

በአዎንታ ራሴን ነቀነቅኩ። ሌላ አልጠየቁኝም።

መንገዱን ተሻገሩ። እኒያ ትልቅ ሴትዮ መኪናውን ሁሉ በእጃቸው እያስቆሙ! ፊቱ ቆሙና ካሜራቸውን አነሱ። አንዴ፣ ሁለቴ... ደነገጠ።

"ምን እያደረጉ ነው?!"

"ለትምህርት ቤቱ ማስታወቂያ ነው የኔ ልጅ። በሩን ሳነሳ እዚያው ቆመው አገኘሁዎት። ፊትዎ ጥርት ብሎ ወጥቷል። ቢለጠፍ ይፈቅዳሉ? ስምዎን ማን ልበል?" መንገዱ ሁሉ እንዲሰማ ነው የሚጮኹት። ወላጆች ዞር ዞር አሉ። ጥበቃው ተሻገረ። ዳይሬክተሯም ተሻገሩ፣ በዚያ ተረከዝ ጫማቸው።

"አጥፉት! ማን ፈቀደልዎት?" እያለ ፊቱን በእጁ ሸፈነ። እሱ! የልጅ ፎቶ ይዞ አገር የሚያስሰው ሰውዬ!

"እንግዲያው ጣቢያ ሄደው ያስጠፉት" አሉት ሴትዮዋ። "እኔም ወደዚያው ነኝ።"

ፊቱን እንደሸፈነ ሄደ። ከዚያ አለቀስኩ። በሩ ላይ፣ ወላጅ ሁሉ እያየኝ።

ግንቦት 20፣ ሐሙስ

ጣቢያ ሄድን። እህቴ፣ እኔ፣ ዳይሬክተሯና ሴትዮዋ። እህቴ እስከዛሬ ያልከሰሰችው፣ "ብከሰው የት እንዳለሁ ያውቃል" ብላ ነበር። አሁን አወቀ፤ የምትደብቀው አልቀረም። ፎቶው መዝገቡ ላይ ተያያዘ፤ እንዳይጠጋቸው ይታዘዛል ተባለ። ይታዘዛል... እናያለን።

ሰኔ 6፣ ቅዳሜ

ቢልቦርዳችን ትናንት ወጣ። ፊታውራሪው ጥርስ የሌለው የአንደኛ ክፍል ልጅ ነው፤ ሲስቅ ድዱ ብቻ። ዳይሬክተሯ "አላበራም እንዴ?" ብለው እየዞሩ ሁሉን ይጠይቃሉ።

ትእዛዙ ወጥቷል። ሰውየው እስካሁን አልታየም። ነገን አላውቅም።

ዛሬ እህቴ ራሷ "እንሂድ" አለችኝ፤ ወደ ስቱዲዮው፣ በእግር፣ በቀን። ሴትዮዋ እንደ ልማዳቸው መጀመሪያ ጠየቁ። "ላንሳሽ?" እህቴ የሚጡን እጅ ያዘች። ይህን ያህል ዓመት ማን ጠይቋት ያውቃል? "ያንሱኝ" አለች። ሁለቱን አነሷቸው። አንድ ብቻ አትመው ሰጡንና ካሜራው ላይ የቀረውን እፊታችን አጠፉት።

ሳሎን ሰቀልነው። በዚህ ቤት ግድግዳ ላይ የመጀመሪያው ፎቶ ነው። ለሚስማሩ ወንበር ስጎትት ሻንጣውን በሩ ሥር አጣሁት፤ ቁምሳጥን አናት ላይ ወጥቷል። አልተፈታም። ወጣ ብቻ።

ሚጡ ፎቶዋን ቆማ ስታይ ቆየች።

"አክስቴ፣ ይህን ማን ያየዋል?"

"እኛ።"

"ሌላስ?"

"አንቺ የፈቀድሽለት።"

አሰበችበት። ከዚያ ሄዳ መጋረጃውን ከፈተችው፤ ጎረቤቷ ጓደኛዋ እንድታይላት። እህቴን አየኋት። አልዘጋችውም።