ቀሚሴን የለበሰችው ሴትዮ

ይድረስ ለወንድሜ ለጋሼ እምሩ፣

ጤናዎ እንዴት ነው? ቤቱስ፣ ልጆቹስ? የእማዬ ዓይን ተሻለው? እኔ ከነርስነት ትምህርቴ ጋር እየታገልኩ በጤና አለሁ። ሰላምታዬ ቢያጥርብዎ አይደነቁ፤ ልቤ በእርስዎ ላይ ሻክሯል።

በጥቅምት የጻፉልኝ ደርሶኛል። ማተሚያ ቤታችሁን ሊጎበኝ መጥቶ ለነበረው ሠዓሊ፣ ለሚስተር ዶውሊንግ፣ ፎቶግራፌን መስጠትዎን ነግረውኛል። እሱም ለሽቶ ማስታወቂያ ስለሣለኝ እህቴ አሜሪካ ላይ ገነነች እያሉ ለሰው ሁሉ ማውራትዎን ጽፈዋል። ቢሮዎ የሚሰቅሉትን የማስታወቂያውን ገጽ ከመጽሔት ቆርጬ እንድልክም አዘዋል። እኔን ሳይጠይቁ ለምን እንደሰጡ ግን አንድ መስመር የለም።

ገጹን እርስዎ ከመጻፍዎ በፊት አይቼዋለሁ። እዚህ ዘንድሮ የዛሬ ስድሳ ዓመት የነበሩትን መጽሔቶች አሣሣል መኮረጅ ፋሽን ሆኗል፤ አንገተ ረጅም ሴት፣ የላባ ባርኔጣ፣ ቀጭን መስመር። የክፍል ጓደኛዬ ሎሬይን ማስታወቂያው የወጣበትን መጽሔት ይዛ መጥታ ይህቺ አንቺ አይደለሽም ወይ አለችኝ። እውነትም ፊቴ ሥዕሉ ውስጥ አለ። መሐል የቆመችው ግን አንዲት ነጭ ሴትዮ ናት። የለበሰችውም በፎቶግራፉ ላይ የለበስኩትን፣ እማዬ አገር ቤት ሳለሁ ለምርቃቴ ዓይኗ እስኪፈዝ የጠለፈችውን ቀሚስ ነው፤ የደረቱ መስቀል እንኳ አልቀረም። እኔ ከኋላዋ ሽርጥ ታጥቄ፣ ሽቶውን በትሪ ይዤ አጎንብሻለሁ።

ሳን ሆዜ ያለው ስቱዲዮው ድረስ በአውቶቡስ ሄድኩ። ሰውየው አላፈረም። በፈረንጅ አቆጣጠር የ1912 መጽሔት ገልጦ አሳየኝ፤ እዚያም እመቤትና ጥቁር ገረድ። የዚያ ዘመን ውበት ይኸው ነው፣ እኔ የጨመርኩት የለም አለ። ቀሚሱ የኔ ነው ስለው፣

«እሷ ላይ ይበልጥ ያምራል» አለኝ።

ቀጥሎ የእርስዎን ወረቀት አወጣ። በእጅ ጽሕፈትዎ እንደፈለግህ ተጠቀምበት ይላል። ጋሼ፣ የሱን ስድብ ቆሜ ሰማሁት፤ የእርስዎን ፊርማ ሳይ ግን ወንበር ፈለግሁ። ፎቶግራፌን ከጠረጴዛው ላይ አንስቼ ወጣሁ። አልከለከለኝም፤ ሥራውን ጨርሶበታል።

ሽርጥ ንቄ አይደለም። ሆስፒታል በየቀኑ እታጠቃለሁ፤ እሱን ግን የታጠቅሁት ወድጄ ነው። እርስዎ ባለማወቅ ነው እንዳይሉኝ። ያልጠየቁኝ እምቢ እንደምል ስለሚያውቁ ነው።

ገጹን ልኬዋለሁ፤ ለእርስዎ ግን አይደለም። ዓርብ ዕለት በአጎታችን በአቶ ገብረክርስቶስ የፖስታ ሣጥን ለእማዬ ልኬላታለሁ። ይህ ደብዳቤ ሳይደርስዎ እጇ ይገባል። ቀሚሱን ለማን እንዳለበሱት ስትጠይቅዎ፣ መልሱን ራስዎ ይፈልጉ።

እማዬን ጉልበቷን ስመው አይዞሽ ይበሉልኝ። ለባለቤትዎ ለእትዬ ለተ ማርያም፣ ለሀዲስና ለትንሿ አስካለማርያም ናፍቆቴን ያድርሱልኝ። ለእርስዎ ለጊዜው ሰላምታ የለኝም።

እህትዎ የምሥራች
ኦክላንድ፣ ኅዳር 14 ቀን 1964 ዓ.ም.