ለሦስት ቀን የሚሆኑ ምግብ ቤቶች

ውድ ልጄ ኤልዳና፣

መልእክትሽ ደርሶኛል። «አባዬ፣ እኔና ዮናታን ለሠርግ አትላንታ ልንመጣ ነው። የጓደኛዬ ነው። ሚድታውን ሆቴል ይዘናል። ጥሩ ጥሩ ምግብ ቤት ካወቅክ ላክልኝ» ይላል። ከዓመት ከሁለት ወር ዝምታ በኋላ የጻፍሽልኝ ይኸው ነው። «ለሠርግ» የሚለው ላይ የእናንተ መስሎኝ ልቤ ቀጥ ብሎ ነበር፤ ቀጥሎ ያለውን ሳነብ ተመለሰልኝ።

አባቷ ያለበት ከተማ የምትመጣ ልጅ የምግብ ቤት ስም አትጠይቅም። ይህን አንቺም ታውቂዋለሽ። ቢሆንም የጠየቅሽኝ እሱን ስለሆነ እሱን እመልሳለሁ። በስልክ መጻፍ ስለማይሆንልኝ በፖስታ ልኬዋለሁ።

አራት ሳምንት ፈጅቶብኛል። አንድ ምግብ ቤት አንዴ ተበልቶበት አይታወቅም። ስለዚህ ወደ እያንዳንዱ ሦስት ሦስት ጊዜ ሄጃለሁ፤ አንዴ በሥራ ቀን፣ አንዴ ቅዳሜ፣ አንዴ ዝናብ ሲጥል።

ዓርብ ስትደርሱ ደክሟችሁ ስለሚሆን ሩቅ አትሂዱ። ሚድታውን ማርታ ከሚሉት የከተማ ባቡር ጣቢያ በእግር አሥራ ሁለት ደቂቃ የሚያስኬድ የአሜሪካ ደቡቦች ምግብ ቤት አለ። የሆቴላችሁን ስም ስላልነገርሽኝ የለካሁት ከጣቢያው ነው። በሩ አረንጓዴ ነው። የተጠበሰ ዶሮና የበቆሎ ዳቦ እዘዙ። ጎመኑ የእኛን ይመስላል፤ ግን በአሳማ ሥጋ ስለሚቀቅሉት ከማዘዛችሁ በፊት ጠይቁ። ጥሩው ቦታ መስኮቱ አጠገብ ያለው የሁለት ሰው ጠረጴዛ ነው። እኔን ብቻዬን ስለሆንኩ ሦስቱንም ጊዜ ባንኮኒው ላይ አስቀመጡኝ፤ መስኮቱን ያየሁት ከሩቅ ነው።

ቅዳሜ ማታ ሠርግ ላይ ስለምትበሉ ቀን ላይ ቀለል ያለ ነገር ይሻላችኋል። ቢዩፎርድ ሀይዌይ ላይ የቬትናሞች ሾርባ ቤት አለ። ትንሹን ሳህን እዘዙ፤ ትልቁን እኔም አልጨረስኩትም። ከስድስት ሰዓት በፊት ካልደረሳችሁ መኪና ማቆሚያ አታገኙም።

ለእሁድ ኖርዝ ድሩይድ ሂልስ ብራያርክሊፍ መንገድ ላይ ያለውን የወይዘሮ ውቢትን የሐበሻ ምግብ ቤት መርጫለሁ። ባለፈው ዓመት ሦስታችን የተቀመጥንበት ቤት አይደለም። እዚያ ተመለሺ አልልሽም።

ያን ቀን ዮናታንን ልታስተዋውቂኝ ነበር ያመጣሽው። ልጁ በሥርዓት ተነሥቶ ጨበጠኝ፣ «ጋሽ ወንዳፍራሽ» ብሎ ጠራኝ፣ እዚሁ አገር ተወልዶ ጉርሻ ያውቅ ነበር። ጠቅልሎ ዘረጋልኝ፤ በግራ እጁ። «በቀኝህ፣ ልጄ፤ በግራ አይጎረስም» አልኩት። «ሶሪ፣ ጋሼ፣ ግራኝ ነኝ» ብሎ ሳቀ። እኔ ፊቴን አዙሬ አፌን በናፕኪን ጠረግኩ። እጁ እንደተዘረጋ ቀረ። አንቺ ጎንበስ ብለሽ ጎረስሽለትና «አባዬ፣ እኔንም እንዲህ ነበር ያደረግከኝ» አልሽ። ቦርሳሽን አንሥተሽ ወጣችሁ። ምግቡን አስጠቅልዬ ሎረንስቪል ቤቴ ወሰድኩት፤ ሳልበላው ተበላሸ።

ውቢት ቤት የመጀመሪያውን ቀን ስሄድ ለሁለት ሰው የሚሆን በያይነቱ አዘዝኩ። ትሪው ጠረጴዛው ላይ ይበቃ እንደሆነ፣ ግራኝ ሰው ጎን ለጎን ሲቀመጥ ክርኑ ይጋጭ እንደሆነ ማየት ነበረብኝ። ለዚህም በግራ እጄ መብላት ጀመርኩ። አስተናጋጇ እድላዊት የምትባል ተጫዋች ልጅ ናት።

«ጋሼ፣ ቀኝ እጅዎን ምን ሆኑ?»

«ምንም አልሆንኩ።»

«ታዲያ ሽሮውን ያዘዙት ለሸሚዝዎ ነው? ሹካ ላምጣ?»

«አታምጪ። ልምምድ ላይ ነኝ።»

«ኦ ማይ ጋድ! በዚህ ዕድሜ ደግሞ የምን ፈተና መጣብዎት?»

«ግራኝ እንግዳ ሊመጣ ይችላል።»

የውኃውን ጆግ አስቀምጣ አየችኝ። «እሱ እኮ ለምዶታል፣ ጋሼ። እርስዎን ምን አስለፋዎት?»

ለእሷ «እንዲሁ ነው» አልኳት። ለአንቺ ልመልስልሽ።

አምስት ዓመትሽ ነበር። በምሳ ሰዓት ግራ እጅሽን በመሐረብ አስሬ ከትሪው ፊት አስቀምጥሽ ነበር። ወጡ ቀሚስሽ ላይ ሲፈስ ታለቅሺያለሽ። እናትሽ ሕይወት «ተዋት፣ በልታ ትነሣ» ትለኛለች። እኔ «ይለመዳል» እላለሁ። በሠላሳ አንድ ዓመት የማስተማር ሥራዬ ብዙ ልጆች ከግራ ወደ ቀኝ አዙሬአለሁ፤ ስማቸውን የማስታውሰውን ብቻ ብቆጥር አሥራ ዘጠኝ ናቸው። እንደ ውለታ ነበር የማየው። እነሆ በሰባ አንድ ዓመቴ አራት ሳምንት ሞከርኩ፤ እንጀራው አልቆረስ ይለኛል፣ የቆረስኩትም አፌ ሳይደርስ ይወድቃል። ሰው ያየኝ እየመሰለኝ አንገቴን እደፋለሁ። እኔን ያሰረኝ የለም፤ ሲታክተኝ በቀኜ እበላለሁ። አንቺ ግን መሐረቡ እስኪፈታልሽ ትጠብቂ ነበር።

አጥፍቻለሁ፣ ልጄ። ያኔም አጥፍቻለሁ፣ ባለፈው ዓመትም አጥፍቻለሁ። ዮናታንን ይቅርታ የምጠይቀው ፊት ለፊት ቆሜ ነው፤ በአንቺ በኩል አልልክለትም። ላገኘው ፈቃዱ ከሆነ ማለቴ ነው።

በሦስቱ ቀናት ከእነዚህ ቤቶች ወደ አንዳቸውም ሳትጠሩኝ አልሄድም። በር በተከፈተ ቁጥር እኔ የገባሁ እየመሰላችሁ ቀና እንድትሉ አልፈልግም። ደስ ብሏችሁ ብሉ።

ከሎረንስቪል ውቢት ቤት ድረስ፣ መንገዱ ካልተጨናነቀ፣ ሠላሳ አምስት ደቂቃ ነው። እሁድ ከጠዋቱ አራት ሰዓት ጀምሮ ለብሼ፣ ጫማዬን አስሬ፣ ስልኬን አጠገቤ አድርጌ እቀመጣለሁ። ካልደወልሽ ሲመሽ አወልቀዋለሁ። አልቀየምሽም።

አባትሽ
ወንዳፍራሽ