የአደይ ቀኝ እጅ

ለምወድሽ እህቴ፤

እንደምን ሰነበትሽልኝ? ሥራው እንዴት ነው? የዱባይ ሙቀትስ? ወገቤን አሞኛል ብለሽ ነበር፤ ተሻለሽ ወይ? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን፣ ቆሜ እሄዳለሁ። ስለ አደይ «እናታችን ደህና ናት፣ ሰላም ብላሻለች» ብዬ ብጀምርልሽ ደስ ባለኝ። ግን ይቺን አነጋገር ስለ ወንድማችን ሀብቶም ሁለት ዓመት ስደጋግማት ኖሬ አፌ ውስጥ መርራለች። አደይን በኋላ እመጣባታለሁ። ቀስ ብለሽ አንብቢ፣ መጨረሻውን ዘለሽ እንዳታዪ። አንቺ ልብ ወለድ እንኳ ከመጨረሻው ነው የምትጀምሪው፣ አውቅሻለሁ።

በስልክ ለምን አልነገርሽኝም እንዳትዪ። በስልክ አንቺ ታለቅሻለሽ፣ እኔ እናደዳለሁ፣ ከዚያ ኔትወርኩ ይቆረጣል።

ወንድማችን ሰሜን ሄዶ እንደቀረ እኔ፣ አንቺና አጎታችን ጋሽ ቢተው ስናውቅ አደይ ብቻ አታውቅም ነበር። እንዲያ መስሎን ነበር። ጋሽ ቢተው ሽማግሌዎች አስከትለው ሊያረዷት ጎህ ሲቀድ ቡልቡላ ቤታችን ድረስ የመጡ ጊዜ በሩን የከፈትኩት እኔ አይደለሁም፣ እሷው ናት። ሁሉም ጋቢያቸውን ተከናንበው ቆመዋል፣ አንዳቸውም ዓይኗን አያዩም። ከዚያ ጋሽ ቢተው የደም ግፊቷ ትዝ አላቸውና ወኔያቸው ከዳቸው። «ስለ እድሩ ጉዳይ ልናማክርሽ ነው» አሉ። እስቲ አሁን፣ በዚያ ሌሊት ስለ እድር የሚመጣ ማን አለ? አደይ ግን ግቡ ብላ ሻይ አፈላች፣ ዳቦ ቆረሰች፣ እስከ ደረጃው ሸኘቻቸው። እኔም ተመስገን አልኩ። ከዚያ ወዲያማ ሱዳን ገብቷል፣ ስልክ የለውም፣ ሰላም ብሎሻል፤ እኔ ፈጠርኩ፣ አንቺ ጨመርሽበት።

ያን ጊዜ ልብ ያላልኩት አንድ ነገር ነበር። ታውቂያለሽ፣ አውሮፕላን ሊያርፍ ሲል የኛን ጣሪያ ሊነካ ነው የሚያልፈው። ድሮ በመጣ ቁጥር ቀና ትልና «ማን ያውቃል!» ትል ነበር። ከዚያ ጠዋት በኋላ ቀና ማለቷን ተወች።

እጇ የከዳት ባለፈው መስከረም ነው። ቤተ ክርስቲያን ልትሄድ ነጠላዋን ስትለብስ ቀኝ እጇ አልነሳ አላት። ኤምአርአይ ተነሳች። ሐኪሙ አንጎሉም ነርቩም አጥንቱም ደህና ነው አለ። ጠበልም አስጠመቅኳት፣ ወጌሻም አሻት። እጁ ጭኗ ላይ ቁጭ ብሎ ቀረ። በግራ እጇ ስትጎርስ ሳይ እየወጣሁ ደረጃው ላይ አለቅስ ነበር።

በመጨረሻ ሃያ ሁለት ሰፈር፣ አንድ ሕንፃ አራተኛ ፎቅ ላይ ዶክተር ማዕዛ የምትባል የአእምሮ ሐኪም በሂፕኖሲስ፣ ሰውን በቃል እያፈዘዘች፣ ታክማለች ብለው ጠቆሙኝ። ጋሽ ቢተው ይህን ሲሰሙ እሳት ጎረሱ። «ጠንቋይ ፎቅ ላይ ሲወጣ ዶክተር ይባላል እንዴ?» ብለው ሊያጋልጧት አብረውን ሄዱ። ሊፍቱ ተበላሽቶ ስለነበር ሲደርሱ ለመጋደል የሚሆን ትንፋሽ አልቀራቸውም፤ ውሃ የሰጠቻቸው ራሷ ዶክተሯ ናት።

አልተቀየመችም። «ጋሽዬ፣ እርስዎ ያሉትን የፈረንሳይ ንጉሥም ጠርጥሮ ነበር» አለቻቸው። ከሁለት መቶ ዓመት በላይ ሆነው፤ አንድ የቪየና ሐኪም በማግኔት እፈውሳለሁ ብሎ ፓሪስ ይገባል። በሽተኛው ይንዘፈዘፋል፣ ይጮኻል፣ ከዚያ ቀለለኝ ብሎ ይሄዳል። ንጉሡ ሊቃውንት ሰብስቦ ያስመረምራል። እነሱም ከሰውየው የሚወጣ ምንም ኃይል የለም፣ ሁሉም የሐሳብ ሥራ ነው ብለው ፈረዱበት። ሐሳብ ይህን ያህል ከሠራ፣ ሐሳብ ራሱ ምንድን ነው ብሎ የጠየቀ ግን ብዙ አልነበረም አለች። ኋላ አንድ የስኮትላንድ ሐኪም ይህንኑ ማፍዘዝ በግሪኮች የእንቅልፍ አምላክ ስም ሰየመው። እንቅልፍ አለመሆኑ ሲገባው ስሙን ልለውጥ ቢልም ሰው ለምዶት ቀረ። ህንድ አገር ደግሞ ማደንዘዣ ገና ሳይመጣ ሰውን በዚሁ እያፈዘዘ ዕጢ የቆረጠ ሐኪም ነበር። ጋሽ ቢተው አፋቸውን ከፍተው ይሰማሉ። የመጡበትን ረሱት መሰለኝ።

አደይ መጀመሪያ የተናገረችው ዶክተሯ ስለ ፓሪስ ሆስፒታል ስታነሳ ነው። እጅና እግራቸው ሳይጎዳ አልንቀሳቀስ ያላቸው ሴቶች ነበሩ፣ ሲያፈዝዟቸው የሞተው እጅ ይነሳ ነበር፣ ሊቃውንቱም ተሰብስበው ያዩ ነበር አለች ዶክተሯ። አደይ «ሴቶቹ ግን ምን ሆነው ነው?» ብላ ጠየቀች። ዶክተር ማዕዛ «ብዙዎቹን የጠየቃቸው የለም፣ እናቴ» አለቻት። አደይም «እንግዲያው አንቺ ጠይቂኝ» አለች።

ጋሽ ቢተው ውጭ ተቀመጡ። እኔ ግራ እጇን ይዤ ቀረሁ። ዶክተሯ እንቅልፍ እንዳልሆነ፣ ሁሉን እንደምትሰማ፣ ልትናገር የማትፈልገውን እንደማትናገር አስረዳቻት። ከዚያ ዝግ ባለ ድምፅ ትንፋሽዎን ያዳምጡ፣ ትከሻዎ ይረፍ፣ ዓይንዎ ከከበደዎ ይጨፈን እያለች ቀጠለች። ከታች ታክሲው ያንጫርራል፣ ረዳቱ ይጮኻል፣ የአደይ ፊት ግን ተፈታ። እንደዚያ ፊት ካየሁባት ስንት ጊዜዬ! ከዚያ ዶክተሯ «ቀኝ እጅዎ ማድረግ የፈለገውን ያድርግ፣ አይያዙት» አለቻት።

እህቴ፣ ተነሳ! መጀመሪያ ጣቶቿ፣ ቀጥሎ ክንዷ። እልል ልል አፌን ከፍቼ ነበር። እጁ እስከ ትከሻዋ ወጣ፣ ተጨበጠ፣ ደረቷን መታ። ደግሞ መታ። ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ ውጭ ያሉት እንዳይሰሙ እየተጠነቀቀች፣ «ሀብቶም ወደይ፣ ልጄ ሀብቶም» እያለች ደረቷን ደቃች። የልጅ መርዶ የሰማች እናት የምታደርገውን ነው፤ ሁለት ዓመት የከለከለችውን።

ዓይኗን ስትገልጥ መጀመሪያ ያየችው እኔን ነው። ያን ጠዋት በሩን እንደከፈተች አውቃ ኖሯል። ታዲያ ለምን ዝም አልሽ ብላት «እናንተ ለኔ ብላችሁ ተጨነቃችሁ፣ ላሳፍራችሁ? ደግሞም ስትዋሹኝ ልጄ በእናንተ አፍ ይኖር ነበር» አለችኝ። መሬት ተከፍታ በዋጠችኝ!

ዶክተር ማዕዛ ከዛሬ ነገ ሳትሉ አስለቅሷት፣ ሰው በተሰበሰበበት ይውጣላት ብላ አስጠነቀቀችን። አደይም ድንኳን ጣሉልኝ አለች። የቀረውን ታውቂዋለሽ። ደወልኩልሽ፣ አንቺም እኔ በሌለሁበት የወንድሜ ለቅሶ አይቀመጥም፣ ለፋሲካ ፈቃድ አለኝ አልሽ። ያን ቀን ተናድጄብሽ ስልኩን ዘግቻለሁ። አሁን አልወቅስሽም። እሷ ራሷ «ልጄ ካለች ትጠበቅ፣ ይህን ያህል ጠብቄ የለ» ብላ ደገፈችሽ። እጁን ግን ሥራ አላስፈታችውም። ነጠላዋን በራሷ ትለብስ ነበር። ከስታ ስለነበር ጥቁር ቀሚሷን አስጠብባ አልጋዋ ሥር ሻንጣ ውስጥ አስቀመጠች። ማታ ማታ፣ ለቅሶው ላይ የምታወርደው ሙሾ እንዳይጠፋት በለሆሳስ ስትለማመድ በግድግዳው እሰማ ነበር።

ቅዳሜ ጠዋት ሻይዋን ይዤ ገባሁ። አውሮፕላን በላያችን አለፈና መስኮቱ ተንቀጠቀጠ። ቀኝ እጇ ደረቷ ላይ ነበር፣ ቀዝቅዟል። ማንም አላነሳላትም፣ ራሷ ናት ያነሳችው። ዶክተሯ እጁ ድኗል ያለችው እውነቷን ነው።

ጋሽ ቢተው ያቺ ሴትዮ ናት ያስተኛቻት እያሉ ሲጮኹ በዕድሜዬ ለመጀመሪያ ጊዜ ተቆጣኋቸው። እሷ አይደለችም፣ እኛ ነን አልኳቸው። አንገታቸውን ደፉ። ከዚያ ሄደው ድንኳኑን ያስተከሉት እሳቸው ናቸው።

የሀብቶምን ፎቶ ድንኳኑ ውስጥ ሰቅለናል። አጠገቡ ቦታ ትተናል። በምረቃሽ ቀን ከአደይ ጋር የተነሳሽው፣ ያ የሳቀችበት፣ አንቺ ጋ ነው። ይዘሽው ነይ። እኛ ጋ ያለው የመታወቂያ ብቻ ነው።

አሁን ከወረቀቱ ቀና በይ። ደብዳቤውን ያመጣችልሽ ጎረቤታችን ሀጀር የመጣችው በበረራ ሥራዋ ነው፣ ትኬትሽን ይዛለች። ብቻዋን እንዳልመጣች አይተሻል፤ የማኅበራችሁን ሰዎች እኔ ነኝ ደውዬ የለመንኳቸው። በዚህ ጠዋት ምን ፈልገው ነው እንዳትዪ። ስለ እድር ነው አይሉሽም፣ አስምያቸዋለሁ። ሻይ አታፍዪላቸው። በሩን አትዝጊው። እጅሽንም አትያዥው፤ የፈለገውን ያድርግ።

እግዚአብሔር ያጽናሽ፣ እህቴ። በሰላም ያግባሽ።

ቡልቡላ ቤት ብቻዋን የምትጠብቅሽ
ታናሽ እህትሽ