የአማቼ ቀይ መኪና

ማክሰኞ

ዛሬም ጠፋች። ያውም ገበያው መሀል፣ ሽንኩርት የጫነ አይሱዙ ከኋላዋ እያንባረቀባት። ነጂብ ወርዶ ሲገፋት አገር ምድሩ አየው። ነጂብ ቅዳሜ ልጄን ሐያትን በኒካህ የሚያገባ ልጅ ነው። መኪናዋ ቀይ፣ ባለ ሁለት በር፣ መሬት ለመሬት የምትሳብ ስፖርት መኪና ናት። እኔ ደግሞ ሸዋ ሮቢት ላይ የመኪና ኤሌክትሪክ ስሠራ ያረጀሁ ሰው ነኝ። ስለዚህ ተገፍታ ወደኔ መጣች።

ዋናው ፊውዝ ተቃጥሏል። ቀየርኩት፣ ተነሳች። «ምን አገኙባት ጋሼ?» አለኝ። ፊውዙን ምን እንዳቃጠለው ግን አላገኘሁም።

«ባለፈው ከጣርማ በር ቁልቁል ስወርድም ኩርባ ላይ ጠፍታብኝ ነበር» ብሎ ጣል አደረገልኝ፣ እንደ ቀላል ነገር! ባንድ በኩል ገደል ነው እኮ። እሁድ ልጄን አሳፍሮ በዚያው መንገድ ወደሚኖርበት ደብረ ብርሃን ሊወጣ ነው። እንቅልፍ በዓይኔ አልዞረም።

ረቡዕ

ባትሪ፣ ደህና። ዲናሞ፣ ደህና። ወንበሩን ነቅዬ፣ ምንጣፉን ገልብጬ ገመዱን በጣቴ ዳሰስኩት። ሙቀቱ ደግሞ የጉድ ነው፣ ቆርቆሮው እጅ ይልጣል። ከኔ በፊት የነካካት ሰው፣ አላህ ይይለት፣ ገመዱን አጠላልፎ አጠላልፎ ትቶታል።

ጀውሃ ድረስ ነድቼ ተመለስኩ። ምንም አልሆነችም። ሰው እንዳያየኝ ኮፍያዬን እስከ ቅንድቤ ደፍቼ ነው የሄድኩት። በዚህ ዕድሜዬ ቀይ መኪና ውስጥ ተጋድሜ! ጎረቤቴ ሐጂ ዑመር በረንዳቸው ላይ ነበሩ፣ እንዳላየ ሆኜ አለፍኳቸው።

ለነጂብ መለስኩለት። መስጊዱ ጋ ሳይደርስ ጠፋች። ውሃ ቢወቅጡት እንቦጭ።

ሐሙስ

እንደገና ጀውሃ። እንደገና ደህና። ነጂብ ሲይዛት ግን እንዳኮረፈ ግመል ትተኛለች።

ልጁን ጠረጠርኩት። ምን ቢያደርጋት ነው? ለባለቤቴ ለዘይነባ ነገርኳት። «መኪናዋ አንተን አቃተችህ እንጂ ልጁ ምን አደረገ?» አለች። እውነቷን ነዋ!

ሐያትን በሚኒባስ ሂጂ አልኳት። «አባ፣ ሙሽራ በሚኒባስ?» ብላ አለቀሰች። የማደርገው ጠፋኝ። የሰውን ስንት መኪና አስነስቼ ለልጄ አንዷ አቃተችኝ። ፈራሁ፣ ወላሂ ፈራሁ።

ዓርብ

ከጁምዓ በኋላ ነጂብ አጠገብ ተቀመጥኩ። «ንዳ፣ እንደ ልማድህ» አልኩት።

ያ አላህ! ልጁ ለካ ሰው አያልፍም። ለባለሱቁ ጡሩንባ። ለባጃጅ ነጂው ጡሩንባ። ማንጎ ለምትሸጠው ሴትዮ ጡሩንባ። ሐጂ ዑመርን ሲያይማ መሪውን ወደሳቸው ጠምዘዝ አድርጎ ረዘም ያለውን ለቀቀው። ወዲያው ድርግም።

«ይህን ሁሉ ሰው ታውቀዋለህ?»

«ኧረ አላውቅም ጋሼ። የአንቱ ሰፈር ሰው አይደል? የሐያት ባል ሰው ንቆ አለፈ እንዳይሉብኝ ብዬ ነው።»

አፈርኩ። እኔ ጡሩንባ ሳልነካ ከገዛ ጎረቤቴ ስሸሸግ እሱ ለኔ ሰው ሰላምታ እየሰጠ መንገድ ላይ ይቀራል።

መሪውን ፈታሁት። የጡሩንባው ገመድ ተልጧል። ጡሩንባው ሲነካ ኤሌክትሪክ ያልፍበታል፣ ያኔ መሪው ዞሮ ከሆነ ብረት ይነካል፣ ፊውዙን ያቃጥላል። ያ የነካካት ሰው ደግሞ ከሞተሩ ጋር ባንድ ፊውዝ አስሮታል። ገመዱን ቀየርኩ፣ ለብቻው ፊውዝ ሰጠሁት። ጡሩንባውን ነቅዬ ልገላገል አስቤም ነበር። ግን በዚያ ኩርባ ያለ ጡሩንባ የሚወጣ ማን ነው?

አሁን ትሠራለች። ይሄ ብቻ ነው ወይ ችግሯ? እሱን ማን ይነግረኛል?

ቅዳሜ

ኒካህ ታሰረ። ሰው በላ፣ ተመረቀ፣ ተሳቀ። እኔ በየመሀሉ ሹልክ እያልኩ መሪ አዞራለሁ፣ ጡሩንባ እነካለሁ። ውስጥ ያሉት «የሙሽራዋ አባት ደስታውን አልቻለውም» ይላሉ አሉ። ምን ደስታ አለኝ!

እሁድ

ጠዋት ሄዱ። ሐያት አንገቴ ላይ ስታለቅስ እኔ የማየው መሪውን ነበር። «እስከ ኩርባው ጡሩንባ እንዳትነካ፣ አደራ» አልኩት። «እሺ ጋሼ» አለ። መስጊዱ በር ላይ ሽማግሌዎቹን ሲያይ ለቀቀው! መኪናዋ ግን ሄደች።

ስልኬን ይዤ ተቀመጥኩ። ዘይነባ ቁርስህን ብላ ትለኛለች። ምን ይወርድልኛል? በየኩርባው አብሬያቸው ስወጣ ቆየሁ።

ተደወለ። ሐያት ናት። «አባ፣ ደብረ ሲና ደረስን፣ ብርዱ አይጣል ነው! ቆሎ እየገዛን ነው።»

«ለነጂብ ስጪው» አልኳት። «መሪውን ወደ ግራ ጠምዝዝና አሰማኝ» አልኩት።

«ምኑን ጋሼ?»

«ጡሩንባውን!»

በስልኩ ውስጥ ረጅም ጮኸ። ሞተሩም ይሰማኛል፣ አልጠፋም። «ድገመው» አልኩት። ደገመው። እንባዬ መጣ። ዘይነባ «ሰውዬው አበደ» አለች፣ እሷም ዓይኗን እየጠረገች።

ጣርማ በር ገና ከፊታቸው ነው። እዚያ ያለውን የመኪና መንገድ ዋሻ ሲያልፉ ይደውላሉ፣ ኢንሻአላህ። ስልኩን ከእጄ አላስቀመጥኩም።